ስለ ዘለዓለም ኵነኔና ስለ ነፍስ ሕያውነት፤ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 ቍጥር 46 ላይ የተጻፈ ሐተታ

በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም አንድ አምላክ ብለን ይህን ሐተታ እንጀምራለን።

ጌታችን በደብረ ዘይት ተቀምጦ ስለ ኅልፈተ ዓለም ለደቀ መዛሙርቱ ካስተማረ በኋላ ትምህርቱን የዘጋው በጎቹ ከፍየሎቹ በሚለዩበት ፍርድ ነው፤ የፍርዱም የመጨረሻ ቃል እኒያ ወደ ዘለዓለም ቅጣት፥ ጻድቃን ወደ ዘለዓለም ሕይወት እንዲሄዱ ይናገራል። በዐቢይ ጾም እኩሌታ ስለ ምጽአት በሚሰበክበት ሰሞን ይህ ነገር በየቤተ ክርስቲያኑ ይሰማል። ነገር ግን ሰሚው ሲሰማ የሚያስበው ሁሉ በንባቡ ውስጥ አለ ማለት አይደለም። ብዙ ጊዜ ሰባኪውም ሰሚውም ከንባቡ አስቀድመው ሌላ ነገር አስበው ይመጣሉ፤ ይኸውም ነፍስ በባሕርይዋ የማትሞት ናት፥ ስለዚህ ከመንግሥተ ሰማያት ለቀረች ነፍስ የግድ የምትኖርበት የሥቃይ ስፍራ ሊኖር ይገባል የሚል ነው። በዚህ ሐተታ የምንመረምረው ይህ አሳብ ከወንጌል የተገኘ መሆኑንና አለመሆኑን ነው። ኵነኔውን ለመካድ አይደለም፤ ኵነኔው የቆመበትን መሠረት ለማየት ነው እንጂ።

ይህን ነገር እጅግ በግልጥ የተከራከሩበት በ19ኛው መቶ ዓመት በእንግሊዝ አገር ነው፤ ዓመቶቹንም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር እንጽፋለን። የእንግሊዞች ክርክር ለእኛ ምናችን ነው የሚል ቢኖር፥ ለዚህ ክርክር ከሚያስፈልጉት መጻሕፍት አንዱ መጽሐፈ ሄኖክ ነው፤ እርሱም ሳይጐድል ተሟልቶ የተገኘው በግዕዝ ብቻ ነውና ዝም ብለን የምናልፈው አይደለም ብለን እንመልሳለን።

በ1846 ኤድዋርድ ዋይት የሚባል ሰባኪ «ሕይወት በክርስቶስ» የሚል መጽሐፍ ጻፈ፤ በ1875 ደግሞ አስፍቶ አሳተመው። አለመሞት ከክርስቶስ የሚገኝ ጸጋ ነው፥ ክርስቶስን ያልያዘ ሰው ከፍርድ በኋላ ፈጽሞ ይጠፋል፥ ሥቃይ ያለ ፍጻሜ አይኖርም አለ። በ1853 በለንደን ኪንግስ ኮሌጅ መምህር የነበረው ፍሬድሪክ ሞሪስ፥ ዘለዓለም ማለት የዘመን ርዝመት ማለት አይደለም ብሎ በመጻፉ ከመምህርነቱ ተሻረ። በ1877 መጨረሻ ፍሬድሪክ ፋራር በዌስትሚንስተር አምስት ስብከት ሰብኮ በማግሥቱ ዓመት «የዘለዓለም ተስፋ» ብሎ አሳተመው፤ በኦክስፎርድ የዕብራይስጥ መምህር የነበረው ኤድዋርድ ፑዚም በ1880 የዘለዓለም ቅጣት የሃይማኖት ትምህርት መሆኑን ለማስረዳት መልስ ጻፈበት። ፋራርም በ1881 «ምሕረትና ፍርድ» በሚል መጽሐፍ እንደ ገና ተናገረ። አራቱም መጽሐፍ የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ፤ በቀላሉ መናፍቃን ናቸው ብሎ መጻሕፍታቸውን መክደን ለሰነፍ አንባቢ ይመቸዋል እንጂ ጥያቄውን አይዘጋውም።

ቅጣቱ ፍጻሜ የለውም የሚሉ ሁሉ የሚደገፉበት ክርክር ጥንታዊ ነው። አውግስጢኖስ ስለ እግዚአብሔር ከተማ በጻፈው መጽሐፍ በ21ኛው ክፍል አንሥቶታል። በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ አንዱ ቃል ለሕይወትም ለቅጣትም ተነግሮአል፤ ሕይወቱ ፍጻሜ ከሌለው ቅጣቱም ፍጻሜ የለውም፤ የቅጣቱን ዘመን የሚያሳጥር የሕይወቱን ዘመን ማሳጠሩ ነው ይላል። ይህ ጽኑ ክርክር ነው፤ በእኛ አስተያየት ፋራር በሚገባ አልመለሰውም።

ፋራር የያዘው ሌላ መንገድ ነው፤ ቃሉ ሁልጊዜ ማለቂያ የሌለውን ዘመን አያመለክትም ይላል። ለዚህ ምስክር መፈለግ ለእኛ አያስቸግርም። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 21 ጆሮው በወስፌ የተበሳው ባሪያ ጌታውን ለዘለዓለም ያገለግላል ተብሎአል፤ ባሪያው ግን ሟች ነው። ከመዝሙረ ዳዊት ጋር የምንደግመውን ጸሎተ ነቢያት የሚያስተውል ሰው ሁለት ምስክር እዚያው ያገኛል፤ ዮናስ በዓሣ አንበሪ ሆድ ሦስት ቀን ሳለ የምድር መወርወሪያ ለዘለዓለም እንደ ተዘጋበት ይናገራል፥ ዕንባቆምም የዘለዓለም ተራሮች ሲቀጠቀጡ ያያል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው ግን መጽሐፈ ሄኖክ ነው። በምዕራፍ 10 መልአኩ ሩፋኤል አዛዝኤልን አስሮ በዱዳኤል ምድረ በዳ፥ በጨለማ ውስጥ፥ ለዘለዓለም እንዲያኖረው ይታዘዛል፤ ወዲያው በሚከተለው ቍጥር ደግሞ አዛዝኤል በታላቂቱ የፍርድ ቀን ወደ እሳት እንደሚጣል ተጽፎአል። እንግዲህ የመጀመሪያው «ለዘለዓለም» እስከ ፍርድ ቀን ድረስ የሚቈይ ነው። በዚያው ምዕራፍ ትጉሃን ስለ ልጆቻቸው የሚለምኑትን ሲናገር፥ የዘለዓለም ሕይወት እንዲኖሩ፥ እያንዳንዳቸውም 500 ዓመት እንዲቈዩ ተስፋ ያደርጋሉ ይላል። የዘለዓለም ሕይወት በ500 ዓመት ተሰፈረ ማለት ነው! ይህስ የሳቱ መላእክት ከንቱ ተስፋ ነው እንጂ የመጽሐፉ ትምህርት አይደለም የሚል ይኖራል፤ እውነት ነው፥ ልመናቸውም አልተፈጸመላቸውም። ነገር ግን ቃሉ በሚናገሩት ሰዎች ዘንድ እንዲህ ባይነገር ኖሮ ጸሓፊው እንዲህ አድርጎ ባልጻፈው ነበር።

እንግዲህ ምን እንበል? በሊቃውንቶቻችን ልማድ አንድም እያልን ብንተረጕመው፥ ዓለም አንድም ይህ የሚታየው ፍጥረት ነው፤ አንድም ዘመን ነው፤ አንድም ከትንሣኤ በኋላ የሚገለጠው፥ ማታና ጧት የሌለበት ኑሮ ነው። የማቴዎስ ንባብ የሚናገረው ስለዚህ ስለ ሦስተኛው ነው። ስለዚህ አውግስጢኖስ ሁለቱን ሚዛኖች እኩል ማድረጉ ትክክል ነው፤ ሁለቱም ወደሚመጣው ዓለም ይገባሉና። ሞሪስም ጌታችን በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 17 የዘለዓለም ሕይወት እውነተኛውን አምላክና የላከውን ማወቅ ነው ማለቱን ይዞ፥ ቃሉ ከርዝመት ይልቅ ግብርን ይናገራል ማለቱ ውበት አለው። ነገር ግን ከሁለቱ አንዳቸውም በአንድ ቃል ብቻ ነገሩን ሊፈርዱ አይችሉም። ቃሉ ስፍራውን ይነግረናል፤ በዚያ ስፍራ ስለሚሆነው ነገር ከቀረው መጽሐፍ መጠየቅ አለብን።

ቅጣት የሚለውን ቃል ይዘው የሚከራከሩም አሉ። አርስጣጣሊስ ስለ ንግግር ጥበብ በጻፈው መጽሐፍ በጽርዕ ቋንቋ ሁለት ዐይነት ቅጣት ይለያል፤ ቆላሲስ የሚባለው ለተቀጪው ጥቅም ነው፥ ቲሞሪያ የሚባለው ግን ለቀጪው ልብ ማርኪያ ነው። ማቴዎስ የጻፈው ቆላሲስ ነውና ቅጣቱ ለማረም ነው፥ የሚያርም ቅጣት ደግሞ ፍጻሜ አለው ይላሉ። ይህ ለሚሰማው ደስ ያሰኛል፤ ነገር ግን አርስጣጣሊስ ከወንጌል ከ300 ዓመት በላይ አስቀድሞ የጻፈ ነው፤ በሐዋርያት ዘመን ቃሉ ሰፍቶ ነበር። በሁለተኛው የጴጥሮስ መልእክት ምዕራፍ 2 እየተቀጡ ለፍርድ ቀን ስለሚጠበቁት ዐመፀኞች የተነገረው ከዚሁ ግሥ ነው፤ በዚያ ስለ መታረም የተባለ ነገር የለም። ግዕዛችን ኵነኔ የሚለው ቃል ከጽርዑ ይልቅ ሰፊ ነው፤ ኰነነ ማለት ገዛም፥ ፈረደም፥ ቀጣም ማለት ነው፥ መኰንን የሚለውም ስም ከዚህ ወጥቶአል። ኵነኔ የተባለው ሥቃይ ብቻ ሳይሆን የገዢው ሥልጣን በእውነት መገለጡ ነው። በቍጣ የፈረደ ዳኛ ፍርዱ እንደሚነቀፍ ሕግ ዐዋቂ ሁሉ ያውቃል፤ ሰው ለሰው የማይፈቅደውን በእግዚአብሔር ላይ መናገር ድፍረት ነው።

አሁን ወደ ነፍስ ነገር እንመለስ፤ የክርክሩ ሥር ያለው በዚህ ነው። ነፍስ በባሕርይዋ የማትጠፋ ናት የሚለውን በብዙ ማስረጃ የተናገረው አፍላጦን ነው፤ ሶቅራጥስ ሊሞት ባለበት ቀን የተናገረውን በሚተርክ መጽሐፉ። የሮም ቤተ ክርስቲያንም በ1513 በላተራን ጉባኤዋ ነፍስ የማትሞት መሆኗን በሥርዐት ደነገገች። በጸሎተ ሃይማኖታችን ግን የምንናገረው ሌላ ነው፤ የሙታንን መነሣትና የሚመጣውን ሕይወት ተስፋ እናደርጋለን። ከአምስቱ አዕማደ ምሥጢርም አምስተኛው ምሥጢረ ትንሣኤ ሙታን ነው እንጂ የነፍስ አለመሞት ተብሎ አልተሰየመም። ሐዋርያው ለጢሞቴዎስ በጻፈው በመጀመሪያው መልእክት አለመሞት የእግዚአብሔር ብቻ መሆኑን ይናገራል፤ ለቆሮንቶስ ሰዎችም ይህ ሟች አለመሞትን ሊለብስ እንደሚገባው ይጽፋል። ልብስ ከውጭ የሚሰጥ ነው፤ ከሥጋ ጋር የሚወለድ አይደለም።

በስሙ ቅዳሴ የምንቀድስለት ቅዱስ አትናቴዎስ ስለ ቃል ሥጋ መሆን በጻፈው መጽሐፍ ይህን ነገር በግልጥ አስተምሮአል። ሰው ካለመኖር ተፈጥሮአልና በባሕርይው ወደ ጥፋት የሚያዘነብል ነው፥ በጥፋት ሳይያዝ ይኖር የነበረው ቃልን በመሳተፍ ጸጋ ነው ይላል። ሊቃውንቶቻችን ነፍስ ልባዊት፥ ነባቢት፥ ሕያዊት ናት ሲሉ ይህን አይቃወሙም፤ ሕያዊት ናት፥ ሕይወቷን ግን የሰጣት ሌላ ነው፤ በሰጪው ፈቃድ ትኖራለች። ይህን የማይለይ ሰባኪ ሳያውቅ እግዚአብሔርን የነፍስ ባሕርይ እስረኛ ያደርገዋል፤ ነፍስ ልትጠፋ አትችልምና ሊያሠቃያት ግድ ሆነበት እንደ ማለት ነው። እንዲህ ያለው ስብከት በየስፍራው ይሰማል፤ አዝነን እንጂ ተደስተን አንናገረውም።

እስከዚህ ድረስ ዋይት እውነት ይዞአል። ከዚህ በኋላ ግን ይስታል። ማቴዎስ በምዕራፍ 10 ነፍስንና ሥጋን በገሃነም ሊያጠፋ ስለሚችለው አምላክ የተናገረውን ይዞ፥ መጥፋት ማለት አለመኖር ነው ይላል። ነገር ግን በጽርዕ ያው ግሥ በሉቃስ ምዕራፍ 15 ስለ ጠፋው በግ፥ ስለ ጠፋው ድሪም፥ ስለ ጠፋው ልጅ ተነግሮአል። የእኛም ቋንቋ እንዲሁ ነው፤ እረኛ በግ ጠፋብኝ ብሎ ሲጮኽ በጉ እንዳልነበረ ሆነ ማለቱ አይደለም፥ ባለቤቱ በማያየው ገደል አለ ማለቱ ነው እንጂ። ደግሞ ዳንኤል በምዕራፍ 12፥ ጌታችንም በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ጻድቃንም ኃጥኣንም እንደሚነሡ ተናግረዋል። አለመሞት ለጻድቃን ብቻ ከሆነ ኃጥኣንን ከመቃብር የሚያስነሣቸው ምንድን ነው? መልሶ እንዳልነበሩ ሊያደርጋቸው ያስነሣቸዋልን? ዋይት ለዚህ የሚሰጠው መልስ አጥጋቢ ሆኖ አላገኘነውም። እውነቱን ለመናገር ግን የኢሳይያስ የመጨረሻው ምዕራፍ ለእርሱ ይረዳዋል፤ ትሉ የማይሞተው እሳቱም የማይጠፋው በሬሳ ላይ ነውና። ይህን ንባብ እንዳላየ የሚያልፍ ሰው ክርክሩን በሐቅ አልተከራከረም።

ስለዚህ የዘለዓለም ኵነኔ በነፍስ ባሕርይ ላይ ሳይሆን በትንሣኤ ዘጉባኤ ላይ ቆሞአል እንላለን። የሚያስነሣው ክርስቶስ ነው፥ የሚፈርደውም እርሱ ነው። ይህም በማቴዎስ ምዕራፍ 25 ውስጥ አስቀድሞ የተነገረውን ነገር እንድናይ ያደርገናል። በቍጥር 46 ሁለቱ ሚዛኖች እኩል ናቸው ብለናል፤ በቍጥር 34ና በቍጥር 41 ግን እኩል አይደሉም። መንግሥቱ ዓለም ከተፈጠረ ጀምሮ ለእነርሱ ለሰዎቹ የተዘጋጀ ነው፤ እሳቱ ግን የተዘጋጀው ለዲያብሎስና ለመላእክቱ ነው። ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅ ይህን ልዩነት አይቶ፥ እሳቱ ለእናንተ ተዘጋጀ አለማለቱን አስታውሶ ተርጕሞታል። ሰው ወደዚያ የሚገባው ለሌላ ወደ ተሠራ ቤት ነው። ይህን ልዩነት የማያስቀር ትርጓሜ ብቻ ነው ቍጥር 46ን በሚገባ የሚያነበው። ለፑዚም ክብር እንስጠው፤ የሚጠፉት ቍጥር ስንት እንደ ሆነ የሃይማኖት ነገር አይደለም ብሎአልና፥ ከደጋፊዎቹ አንዳንዶቹ ይህን ቃሉን ከቍም ነገር አላስገቡትም።

ኃጥእ ሁሉ በመጨረሻ ይመለሳል የሚለው ትምህርት ከኦሪጌኔስ ጋር ይነገራል። በ553 በቍስጥንጥንያ የተደረገውን ጉባኤ ቤተ ክርስቲያናችን አትቀበልም፤ ነገር ግን የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ቴዎፍሎስ በ400 ኦሪጌኔስን ማውገዙን ስለምናውቅ ትምህርቱ ለእኛ የተፈቀደ ነው ማለት አይቻልም። የሚያስቸግረው ጎርጎርዮስ ዘኑሲስ ነው፤ ይህም አባት ክፋት ሁሉ የሚጠፋበትን፥ እሳቱም ወርቅን እንደሚያጠራ የሚሆንበትን ተስፋ ጽፎአል፥ ማንም ግን አላወገዘውም፥ በስሙም ቅዳሴ አለን። በቅርቡም በ1982 ኤድዋርድ ፈጅ የዋይትን አሳብ፥ በ2019 ዴቪድ ሃርት የጎርጎርዮስን ተስፋ አንሥተው ሰፊ መጻሕፍት ጽፈዋል። ከሃርት የምንለየው በዚህ ነው፤ ጎርጎርዮስ እንደ ተስፋ የተናገረውን እርሱ እንደ ግዴታ ይናገረዋል፤ እግዚአብሔር ሁሉን ባያድን መልካም አይሆንም እስከ ማለት ይደርሳል። ጸሎት የሚጠይቀውን ነገር ክርክር አስቀድሞ ከወሰነው፥ ቀሳውስት ስለ ሙታን ስለ ምን ይጸልያሉ?

ይህ ጥያቄ ለእኛ የመጽሐፍ ብቻ አይደለም። ፍትሐት የምናደርገው፥ በ40 ቀን በ80 ቀን ጸሎት የምናደርሰው፥ ቤተ ክርስቲያን ከፍርድ ቀን አስቀድማ በማንም ላይ በሩን ስላልዘጋች ነው። በቀብር ቀን ቆሞ ሟቹ ያለበትን ስፍራ እንደሚያውቅ ሆኖ የሚናገር ካህን በገዛ እጁ የሚያደርሰውን ፍትሐት ከንቱ ያደርገዋል፤ ለባለጠጋው ገነትን፥ ለድኻው ዝምታን የሚሰጥ ከሆነማ ከዚህ የከፋ ነው። እንዲሁም በግድግዳ ላይ የተሣሉትን የሰይጣናትን መንሽና ሰንሰለት ከወንጌል ይልቅ የሚያብራራ ሰባኪ፥ ሕፃናትን ያስደነግጣል፤ ለተራበ ሰው እንጀራ እንዲቈርሱ ግን ሲያደርጋቸው አላየንም። የምዕራፍ 25 ፍርድ የተመሠረተው በእንጀራ፥ በውኃ፥ በልብስ፥ በሕመምተኛና በእስረኛ ጥየቃ ላይ ነውና።

ስለ ውኃ ካነሣን በተአምረ ማርያም የሚነበበው የበላዔ ሰብእ ነገር ይታወሰናል። 78 ነፍስ የበላው ያ ሰው፥ በእመቤታችን ስም ለተጠማ ድኻ ጥርኝ ውኃ ስለ ሰጠ ምሕረት እንዳገኘ ይነገራል። ይህን ታሪክ የሚነቅፉ ሰዎች ሰውን በኀጢአት ያደፋፍራል ይላሉ፤ አንዳንድ ሰባኪም እንዲህ አድርጎ ስለሚያቀርበው ነቀፋው ያለ ምክንያት አይደለም። ነገር ግን ታሪኩን በሚገባ የሚያነብ ሰው ሚዛን እንደ ተዘረጋ፥ 78ቱም ነፍስ በሚዛን ላይ እንደ ወጡ ያያል፤ ማንም አልረሳቸውም። ውኃውም ከማቴዎስ 25 ውኃ ጋር አንድ ነው። ታሪኩ ፍርድን አይሽርም፤ በፍርድ ውስጥ ያለውን ምሕረት ይናገራል።

ስለ ባለጠጋውና ስለ አልዓዛር በሉቃስ ምዕራፍ 16 የተጻፈውን ሁለቱም ወገኖች ወደየራሳቸው ይስቡታል። በመጀመሪያ መታወቅ ያለበት ነገር አለ፤ ባለጠጋው ያለው በሲኦል ነው እንጂ በገሃነም አይደለም። ሲኦል ደግሞ በራእየ ዮሐንስ ምዕራፍ 20 ሙታኑን ትሰጣለች፥ እርሷ ራሷም ወደ እሳት ባሕር ትጣላለች። ሄኖክም በምዕራፍ 22 የሙታን ነፍሳት እስከ ፍርድ ቀን የሚጠበቁባቸውን ስፍራዎች፥ ለጻድቃንም ብሩህ የውኃ ምንጭ ያለበትን አይቶአል፤ የአቤልም መንፈስ ከዚያ ሆኖ በቃየል ላይ ይከሳል። ስለዚህ ይህ ምሳሌ ከፍርድ በኋላ ስለሚሆነው ነገር ማስረጃ ሊሆን አይችልም፤ በአገራችንም ሲኦልንና ገሃነምን አንድ አድርጎ መናገር ብዙ ሰውን አሳስቶአል።

ሁለተኛው ነገር ባለጠጋው የሚናገረው ነው። በደጁ ወድቆ ሳለ ያላየውን አልዓዛርን አሁን በስሙ ይጠራዋል፤ የሚጠራው ግን እንደ አሽከር ሊልከው ነው። መጀመሪያ ውኃ እንዲያመጣለት፥ ቀጥሎ ወደ ወንድሞቹ ቤት እንዲሄድለት ይለምናል፤ አልዓዛርን ራሱን ይቅርታ አልጠየቀውም። እሳቱ ልቡን ገና አልለወጠውም፤ ቅጣት ሁሉ የግድ ያርማል የሚሉት ይህን ንባብ ዘለውታል። አብርሃም ደግሞ በመካከላቸው ታላቅ ገደል እንደ ተደረገ ይነግረዋል፤ ሲነግረው ግን «ልጄ» ብሎ ነው የጠራው።